ስልሳ ኪሎ ስለሚችለው ጋንቾና አራት መቶ ስለሚለው ስቲከር

ለተከበሩ የጭነት ልክ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ከሚሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበረው ቤተሰብዎ፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎና ከእጅዎ የማይለየው ማኅተምዎ እንደምን ከረማችሁ? እኛ በጨፋ ሸለቆ የምንኖር ተገልጋዮችዎ ከአንድ የተሰበረ እግር በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ከብቱም ሳር አላጣም። ጤና፣ ዕድሜና ሥልጣን አንድ ላይ ይስጥዎ፤ ሦስቱ አልሟላ ካሉ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንኳ ይበቁዎታል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ዓፊያ ኢብራሂም እባላለሁ። ከስሜ ይልቅ በድምፄ ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ባለፈው በአዳራሹ ስብሰባ ላይ «ሴትዮዋን አስቀምጧት» ያሉት እኔን ነበር። ትእዛዝዎን አክብሬ ይህንን ደብዳቤ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ምናልባት ሰው አንብቦ ይነግርዎታል በሚል ተስፋ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከወፍጮ ነው። መንደራችን ወፍጮ አልነበራትም። ሴቶቻችን እህላቸውን በአህያ ጭነው፣ አህያ የሌላቸውም አዝለው፣ ከሚሴ ድረስ ይሄዱ ነበር። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ አመልማል ምንዳዬ አስፈጭታ ስትመለስ ቦርከና ሞልቶ ከማዶ ቀረች። ጡት ያልጣለው ልጇ እኔ ዘንድ ነበር። የላም ወተት ሰጠሁት፣ እሹሩሩ አልኩት፣ አዘልኩት፤ ወይ ፍንክች! እናቱ ውኃው ጎድሎላት እስክትሻገር ድረስ ሲያለቅስ ድምፁ ተዘጋ። አመልማል እንደደረሰች ልጁን ከእቅፌ ነጥቃ፣ ዱቄቱን ደጃፌ ላይ ጥላ፣ «ዓፊያ፣ ወፍጮ እዚሁ እንተክላለን፤ ካልሆነ ጥሬውን እንቆረጥማለን» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ፍየሎቿን፣ እኔ ጊደሬን ሰንበቴ ገበያ አውጥተን፣ የመንደሩ ሴቶችም ያላቸውን ጨምረውበት፣ ያገለገለ ግን ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ገዛን። ሞተሩ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና እስከ ከሚሴ መጣልን። የቀረን ከከሚሴ እስከ መንደራችን ያለው ኮረኮንች ብቻ ነበር። በመካከሉ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት እንዳለ አላሰብንበትም።

እንግዲህ ቅሬታዬን እንደ መሥሪያ ቤት ወግ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ በኬላዎ ላይ ስለተደረገልን መልካም መስተንግዶ።

ሞተሩን ሊያደርስልን የተስማማው ኑርሁሴን ነው። ኑርሁሴን እኔ ሳላገባ ጀምሮ ረጅም ላንድክሩዘር የሚነዳ፣ ሰው ሲያጣድፈው ይብሱን የሚዘገይ ሽማግሌ ሹፌር ነው። በዚያ ጠዋት የኋላ ወንበሮቹን አንስቶ፣ ሞተሩን ወለሉ ላይ ወደ ፊት አስጠግቶ፣ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ሰማንያ ኪሎ የሚሆነውን የወፍጮ ድንጋይ ከአጠገቡ አስተኛው። እኔና አመልማል ጋቢና ከጎኑ ተቀመጥን።

ከከተማው መውጫ ላይ ተቆጣጣሪዎ አስቆመን። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አየና፣ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ዕቃ መጫን በአዲሱ መመሪያዎ ክልክል መሆኑን በታላቅ ትሕትና ነገረን። ዕቃ የሚጫነው ከኋላ፣ መኪናው ተሳቢ በሚያስርበት ጋንቾ ላይ በተሰካው የብረት መደርደሪያ ነው አለን። የኑርሁሴን መኪና እንዲህ ያለ መደርደሪያ ነበረው፤ ወደ ባቲ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች የዶሮ ቅርጫትና የሽንኩርት ፌስታል የሚያስሩበት። ጽሕፈት ቤትዎ እሱ ላይ ቢጫ ስቲከር ለጥፎበታል። «የተፈቀደ ጭነት 400 ኪሎ» ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ።

ኑርሁሴን ከመኪናው ወረደ።

«ወንድሜ፣ ይኼ ጋንቾ ሊጎትት ነው የተሠራው እንጂ ሊሸከም አይደለም» አለው። «ሞተሩ ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ነው። ከኋላ ከሰቀልኩት መኪናው አፍንጫውን ያነሳብኛል።»

«ስቲከሩን አንብብ» አለ ተቆጣጣሪው።

«አንብቤዋለሁ።»

«ስንት ይላል?»

«አራት መቶ።»

«ታዲያ ገና መቶ ሃያ ይተርፍሃል!» አለና ድንጋዩን አየት አድርጎ፣ «እሱንም አውጣና ጨምርበት» ሲል አዘዘ።

አመልማል ወርዳ «ጌታዬ፣ ቢወድቅብንስ?» ብላ ጠየቀችው። «መመሪያ አክብሮ የጫነ አይወድቅበትም፤ እምቢ ካላችሁ ግን ሞተሩ እዚሁ ይያዛል» አላት። ስለ ምርጫው ነፃነት ከልብ አመሰግናለሁ። ከመንገድ ዳር ያሉ ወንዶች ተጠርተው ሞተሩንና ድንጋዩን አንስተው ከኋላ ሰቀሉት፤ መኪናዋም እንደ ውሻ በኋላ እግሯ ቁጭ አለች። ተቆጣጣሪዎ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና አሳለፈን።

ሁለተኛ፤ ስለ ጉዟችን።

ኮረኮንቹ እንደጀመረ መሪው ቀለለ። ኑርሁሴን ወደ ግራ ሲያዞረው መኪናዋ ጥቂት አስባበት፣ ለራሷ ሲመቻት ነበር የምትታዘዘው፤ የአንዳንድ መሥሪያ ቤት አሠራር ይመስል ነበር። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን የሚነኩት ለሰላምታ ያህል ብቻ ነው። ኑርሁሴን «ቢስሚላህ» እያለ በእግረኛ ፍጥነት ይነዳል። አመልማል እጄን ጨብጣ አማኑኤልን ትጠራለች፤ እኔ ያ ረቢ እላለሁ። በዚያ ሰዓት የእርስዎን ስም ያልጠራነው ንቀን አይደለም፤ መኪናው ውስጥ ሥልጣንዎ እንደማይደርስ ስለገባን ነው።

ከኋላችን የቶፊቅ ባጃጅ ይመጣ ነበር። ቶፊቅ ከከሚሴ ወደ መንደሮቹ ሰው የሚያመላልስ የልጆች አባት ነው። ነፍሰ ጡር ሲጭን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። በዚያ ቀን ባጃጁ ባዶ ነበር። አቧራችንን ሸሽቶ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ሞተሩ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ሲያይ ግን ሊያስጠነቅቀን ክላክሱን እየነፋ ተጠጋን። ኑርሁሴን ክላክሱን ሰምቶ ጥግ ሊይዝ ሲል የኋላው ጎማ አንድ ጉብታ ወጥቶ ወረደ።

ክቡር ሆይ፣ ብረት ሲቀደድ ሰምተው ያውቃሉ? እንደ ጨርቅ አይደለም። ቢላ ያየ ፍየል ነው የሚመስለው። ጋንቾው ከሻንሲው ተገንጥሎ፣ መደርደሪያው፣ ሞተሩና ድንጋዩ አንድ ላይ መንገዱ መሃል ወረዱ። ሸክሟ የወረደላት መኪና በአፍንጫዋ መሬቱን መትታ ቆመች። ቶፊቅ ሞተሩ ላይ ላለመውጣት መሪውን ጠምዝዞ ባጃጁን ወደ ቦዩ ጣላት።

አመልማል መኪናዋ በወጉ ሳትቆም ነበር ዘላ የወረደችው። ስደርስ ባጃጇ በጎኗ ተኝታ አንድ ጎማዋ አየር ላይ ይሽከረከራል። ቶፊቅ ከሥሯ ነው፤ ቀኝ እግሩ እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል። ማሽላ ሲጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች «ማል ተኤ? ማል ተኤ?» እያሉ ሮጠው መጡ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነበር። ባጃጇን አነሱለት። አመልማል ነጠላዋን ቀድዳ፣ የማሽላ አገዳ ከሁለት በኩል ደግፋ እግሩን አሰረችው። ቶፊቅ ያን ጊዜ እናቱን ጠራ። ከዚያ ኑርሁሴንን ቀና ብሎ አየና «አባ፣ አንተ ተርፈሃል?» አለው። ኑርሁሴን መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፣ ክቡር ሆይ። ለእሱ የሚሆን ስቲከር ገና አልታተመም።

ቶፊቅን ወደ ሐኪም የወሰድነው በዚያችው መኪና፣ ሞተሩ ታስሮበት በነበረው ወለል ላይ አስተኝተን ነው። ኑርሁሴን ነዳ፤ አመልማል የቶፊቅን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። በኬላው ስናልፍ ተቆጣጣሪዎ በመስኮት አየና እጁን አወዛውዞ አሳለፈን። ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ሰው መጫን መመሪያው ይፈቅዳልና በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ፍትሕዎ።

መደርደሪያው የተፈቀደለት ነው። ጭነቱ ከተፈቀደው በታች ነው። ስለዚህ፣ አለ ጽሕፈት ቤትዎ፣ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፤ የኑርሁሴንም መንጃ ፈቃድ ተያዘ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ተረት ለካ የአሠራር መመሪያ ኖሯል! የተገነጠለውን መደርደሪያ ሄጄ አይቼዋለሁ። ብረቱ ተጣሟል፣ ብየዳው ተሰንጥቋል፣ ቡሎኖቹ የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ስቲከሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሙጫውን የመረጠው ባለሙያ ጋንቾውንም ቢመርጥልን ኖሮ ዛሬ አልጽፍልዎም ነበር።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ በስብሰባው ላይ የሰማሁትን ትምህርት ይመለከታል።

ስብሰባውን የጠሩት እርስዎ ነዎት። የከተማችን መኪኖች ከኋላ የመጫን አቅም በዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ ማደጉን አበሠሩን፤ ተጨበጨበ። እኔ ግን ያደገው ምኑ እንደሆነ ስላልገባኝ ተነሣሁ። መኪኖቹ ያው ናቸው፣ ብረቱ ያው ነው፣ ጉድጓዶቹም፣ አላህ ያቆያቸው፣ በቦታቸው አሉ። በክራንች ተደግፎ ከጎኔ የተቀመጠውን ቶፊቅን እያሳየሁ «የዚህ ሰው እግርስ በሪፖርቱ የት ገብቷል?» ስል ነው «ሴትዮዋን አስቀምጧት» ያሉት። ተቀመጥኩ።

እኔ ስቀመጥ የራስዎ መሐንዲስ ዘመድኩን ከፊተኛው ወንበር ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «እኔ ልመልስላት» አለ። እርስዎ «አጀንዳ አይደለም» አሉ፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

«ጋንቾው ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል» አለ። «አንደኛው የሚጎትተው ነው፤ ሁለት ሺህ ኪሎ። ሁለተኛው የሚሸከመው ነው፤ መቶ ሃምሳ ኪሎ። በሬ ሞፈር ይጎትታል ተብሎ ሞፈሩ፣ ቀንበሩና ገበሬው ጀርባው ላይ አይጫኑበትም። መደርደሪያው ራሱ ሠላሳ ኪሎ ስለሚመዝን እሱን ቀነስኩ፤ መቶ ሃያ ቀረ። ደግሞ ዕቃው የሚቀመጠው ከጋንቾው ራቅ ብሎ ነው። ጀሪካን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙት፣ ከዚያ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት፤ ጀሪካኑ ያው ነው፣ ክንዱ ግን ይዝላል። መንገዳችንም ያነጥራል። ስለዚህ የመቶ ሃያውን ግማሽ ብቻ ፈቀድኩ። እኔ ለኃላፊው ያቀረብኩት ስልሳ ኪሎ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው «አራት መቶው ታዲያ ከየት መጣ?» ሲል ጠየቀ።

«ከሁለት ሺው፤ ከሚጎትተው» አለ ዘመድኩን። «አንድ አምስተኛውን ብቻ ወስደናል፣ ጥንቃቄ ነው ተባለ። ስልሳ ብለን ሪፖርት ብናቀርብ የበላይ አካል ይስቅብናል ተባለ። እኔም ዝም አልኩ።»

ከዚያ በወንበሮቹ መሃል አልፎ ወደ ቶፊቅ መጣ። ሰው ሁሉ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ አንገቱን አሰገገ። ዘመድኩን ቶፊቅ ፊት ቆመና «ቁጥሩን አውቀው ነበር፤ ይቅር በለኝ» አለው። ቶፊቅ ክራንቹን እያገላበጠ አየው። በውስጤ ይመታዋል ብዬ ነበር። «ለእኔ ዘግይተሃል፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ግን ደርሰህ ይሆናል» አለውና እንዲቀመጥ በጎኑ ቦታ ለቀቀለት። ያን ቀን ከአዳራሹ ማንም አጨብጭቦ አልወጣም፤ እርስዎም በጓሮ በር ስለወጡ ይህንን አላዩት ይሆናል ብዬ ነው የምተርክልዎ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። የኑርሁሴን መንጃ ፈቃድ ያለ አንዳች ቃል ተመለሰለት፤ እንደጠፋ በግ በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ ማለት ይቻላል። እሱ ግን በዚያ መንገድ መንዳት ትቷል፤ ክላክስ በሰማ ቁጥር ትከሻው ይዘላል። ዘመድኩን ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሮ የተሰበሩ ወንበሮችን እንዲጠብቅ ተመድቧል፤ ሄደን ስንጠይቀው በዓመታት ውስጥ እንዲህ ተኝቶ እንደማያውቅ ነገረን። የሞተሩ እግር ተሰንጥቆ ስለነበር አስበየድነው፤ በአንድ ገበሬ ትራክተር ተሳቢ ላይ አስተኝተን አደረስነው፤ ወፍጮው አሁን ይፈጫል። ሴቶቻችን ወንዝ ሳይሻገሩ ያስፈጫሉ። የቶፊቅ እግር ድኗል፤ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ የባጃጁን ፍሬን መርገጥ አይችልም። ወፍጮ ቤቱን እንዲይዝልን ለምነነው ተቀብሎናል። ደስተኛ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ዱቄቱ ያስነጥሰዋል፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር በር ላይ ወጥቶ እስኪርቅ ድረስ ያየዋል።

ከእርስዎ የምንለምነው ብዙ አይደለም፤ ከጋንቾው አቅም በታች ነው። ቢጫ ስቲከሮቹ ዛሬም በየመኪናው ላይ አራት መቶ እንዳሉ ናቸው፤ ያስልጧቸው። ዘመድኩንን ወደ ሥራው ይመልሱት። ሲመችዎ ደግሞ መንደራችን መጥተው ቶፊቅን ዓይን ዓይኑን እያዩ አንድ ነገር ይበሉት። ምን እንደሚሉት እኛ አንመርጥልዎም፤ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ግን ክብደቱ አነስተኛ መሆኑን፣ ያለ መደርደሪያም በአፍ ብቻ እንደሚጓጓዝ ለመጠቆም እወዳለሁ።

በዚሁ አጋጣሚ ላደረጉልን ሁሉ በመንደራችን ሴቶች ስም ገለቶማ ብያለሁ። አከርካሪዬ የሚችለውን ያህል አክብሮት ለእርስዎ ተሸክሜ፣ የተረፈውን ለሚገባቸው አስቀርቼ፣ በትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

ዓፊያ ኢብራሂም
ከጨፋ ሸለቆ፤ ተቀምጣ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ ከሰንበቴ ገበያ ስመለስ የጽሕፈት ቤትዎ መኪና አለፈችኝ፤ እርስዎ ጋቢና ነበሩ። የገዟቸው በጎችና ጆንያዎች መኪናው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ወደ ፊት ተጠግተው በገመድ ተጠፍረዋል። ቢጫ ስቲከር የተለጠፈበት የኋላው መደርደሪያ ላይ ግን አንዲት ዶሮ እንኳ አልነበረችም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ሰው ሲረግምዎ፣ «ተዉት፣ ስሌቱ ስላልገባው ነው» እያልኩ ስከራከርልዎ ነበር።